ስምንት ሲጋራና አንድ ግዝት

የነበርነው አምስት ሰዎች ነን። የንስሐ አባታችን ከደጀ ሰላሙ ደረጃ ላይ መስቀላቸውን ይዘው ቆመዋል። የጽዋ ማኅበራችን መሪ፣ ሙሴ የምንላት ጎረቤቴ፣ ከእሳቸው አንድ ደረጃ ዝቅ ብላ ቆማለች፤ አባ ገና ሳይናገሩ ቀድማ ራሷን ትነቀንቃለች። ከቅጽሩ በር ውጭ፣ ከዋርካው ሥር፣ ታናሽ ወንድሜ አለ። እሱ አልቆመም፤ ቁጢጥ ብሏል። ከአጠገቡ የአእምሮ ሕክምና ክፍሉ ነርስ ብስክሌቱን ተደግፎ ቆሟል። እኔ ከበሩ ላይ ነኝ፤ አንድ እግሬ ውስጥ፣ አንድ እግሬ ውጭ። በኔ ዕድሜ ለመቆሚያ የሚመረጥ ቦታ አይደለም። ግን ወንድሜ አልገባም አለ፣ አባ አልወጣም አሉ፤ በመካከል ወሬ የሚያመላልስ ሰው አስፈለገ። ከመንግሥት መሥሪያ ቤት በታይፒስትነት ጡረታ የወጣሁ ነኝና የሰውን ቃል ሳልጨምር ሳልቀንስ ማስተላለፍ እችላለሁ።

ቅዳሴ ወጥቶ ሰው ተበትኗል። የተሰበሰብነው አባ የገዘቱትን አንድ ግዝት ይፍቱ ወይስ አይፍቱ ለማለት ነው። ግዝት ማለት ካህን በሥልጣኑ «ይህን ብታደርግ ከቤተ ክርስቲያን የተለየህ ሁን» ብሎ ሰውን የሚያስርበት ቃል ነው። የታሰረው ወንድሜ ነው። የታሰረበት ምክንያት ሲጋራ ነው።

ወንድሜ ከሃያ ዓመቱ ጀምሮ የአእምሮ ሕመምተኛ ነው። ሌላው ሰው የማይሰማውን ድምፅ ይሰማል። እናታችን ስታርፍ ከቤቱ ጋር እሱም ለኔ ተረፈ። መድኃኒቱን በቀን ሁለት ጊዜ እኔ እያስታወስሁት ይወስዳል። ሲጋራውን ማንም ሳያስታውሰው በቀን ሁለት ፓኮ ያጨስ ነበር። ባሕር ዳር ሜዳ ናት፤ ወንድሜ ዳገት በሌለበት ከተማ ማለክለክ ጀምሮ ነበር።

ስለዚህ ነገር ስንት ዓመት ሙሉ የጠየቀን ሰው አልነበረም። እኔ ራሴ ያነሣሁለት አንድ ሐኪም «ይተዉት እናቴ፣ ሌላ ምን ደስታ አለው ብለው ነው?» ብሎኛል። ጎረቤቱም በየመንገዱ አንዳንድ ፍሬ እያቀበለ ይመረቅበታል። የአእምሮ ሕመምተኛ ሳንባ አያስፈልገውም የሚለው ትምህርት የት እንደሚሰጥ አላውቅም፤ የተመረቁበት ሰዎች ግን ብዙ ናቸው።

ከዚያ ይህ ነርስ ከሸዋ ተዛውሮ መጣ። የመጀመሪያው ቀን የወንድሜን ሳል ሰምቶ ብዕሩን አስቀመጠና፣ እኔን ሳይሆን እሱን ጠየቀው።

«ጋሼ፣ ሲጋራውን መቀነስ ይፈልጋሉ?»

ወንድሜ ወደኔ ዞሮ አየ። የሚጠየቀው እኔ መስዬው ነው።

«ለኔ ነው?» አለ።

«ለእርስዎ።»

«እፈልጋለሁ። ስተኛ ደረቴ ያፏጫል፤ እኔ ደግሞ የሚያፏጭ ሰው ያለ እየመሰለኝ እነሣለሁ።»

ነርሱ አልሳቀም። ሲጋራውን እኔ ልይዝ፣ የጠዋቷ የመጀመሪያ ሲጋራ ከቁርስ በኋላ ልትሆን፣ መኝታ ቤት ማጨስ ሊቀር፣ በየሳምንቱ አንድም ሁለትም ልንቀንስ፣ በጣም ያማረው ጊዜ ደግሞ ወደ ሐይቁ ዳር ይዤው ልወጣ ተስማማን። ስንወጣ ነርሱ እስከ በሩ ሸኝቶኝ አንድ ነገር ደጋግሞ ነገረኝ።

«እናቴ፣ ጢሱ ይህን የሚወስዱትን መድኃኒት ከሰውነት ቶሎ ያስወጣዋል። መጠኑ ከፍ ያለው ለዚያም ነው። በአንድ ጊዜ ካቆሙ ያው ኪኒን ይከብዳቸዋል። ስለዚህ በቀነሳችሁ ቁጥር ንገሩኝ፤ እኛ ከሐኪሙ ጋር መጠኑን እናስተካክላለን።»

ስድስት ወር ፈጀ። ለአፉ ማታለያ ቆሎ ቆላሁለት፤ ኪሱን ሞልቶ ይዞ ይዞራል። መጀመሪያ ቀን አንድ ጭብጥ ቆርጥሞ «እታለም፣ ይኼ እኮ አይጤስም» አለኝ። ጥቅሙ አለመጤሱ እንደ ሆነ ነገርሁት። ሲብስበት ወደ ሐይቁ እንወጣለን፤ ደንገሉን ተሻግሮ የሚሄደውን ታንኳ ሁሉ እያየ፣ የቀዛፊውን ጉልበት እየተቸ ይመለሳል። አልፎ አልፎ ይቆጣኛል። አንድ ቀን «አንቺ ከወኅኒ ጠባቂ በምን ትለያለሽ?» ቢለኝ፣ «ጠባቂ ደመወዝ አለው» አልሁት። እንደዚህ እየተባባልን ከአርባ ወርደን ስምንት ደረስን። ማታ ማታ ደረቱ ማፏጨቱን ተወ። ነርሱ ተነሥቶ ጨበጠው።

ችግሩ ሲጋራውን የምገዛው እኔ መሆኔ ነው። ባለ ሱቁ መጀመሪያ ቀን፣

«እማማ፣ ጨው ነው?» አለኝ።

«ሲጋራ።»

«የቱን ልስጥዎ?»

«የሚጤሰውን።»

ከዚያ ወዲያ ሳልጠይቀው በጋዜጣ እየጠቀለለ ይሰጠኝ ጀመር፤ ለክብሬ አስቦ። አሮጊት በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ከነጠላዋ ሥር ሸጉጣ ከሱቅ ስትወጣ እንደማየት የሰፈር ሰው ዓይን የሚያበራ ነገር የለም።

ስምንት በደረስንበት ሰሞን ሙሴ ቤቴ መጣች። ተቀመጠች፤ ስለ ዝናቡ ተናገረች፤ ስለ ጉልበቷ ተናገረች።

«እቴ» አለች ኋላ፣ «በዚህ ዕድሜሽ ምን ነካሽ?»

«ምን ነካኝ?»

«ሲጋራ ስትገዢ ያየሽ ሰው አለ።»

«ማነው ያየኝ?»

«እኔ ነኛ።»

የማን እንደ ሆነ፣ ለምን እኔ እንደምይዘው፣ ስንት ደርሶ ስንት እንደ ቀረ አስረዳኋት። እስክጨርስ ታገሠችኝ።

«ለሱማ ከሆነ ጭራሽ!» አለች። «አንቺው ብትሆኚ ይሻል ነበር። መርዙን በእጅሽ ታጎርሺዋለሽ?»

«አርባ ሲያጨስ ምን ብለሽ ነበር?»

«ያኔማ ራሱ ነበር የሚገዛው!»

መፍትሔም ነበራት። የወር መባቻ ላይ አባ ጸበል ሊረጩ ሲመጡ አብራ መጣች። አባ በዕድሜ ከኔ በሃያ ዓመት ያንሳሉ፤ ልጄ ነው የሚሉኝ። ደግ ሰው ናቸው፤ የሆነውም ሁሉ በደግነት ነው የሆነው። ቤቱን ረጭተው ተቀመጡ። እኔ ጠላ ልቀዳ ጓዳ ገባሁ። ድምፃቸው ይሰማኛል።

«ልጄ፣ ይህን ነገር አትተወውም?»

«እየተውሁት ነው አባ። ስምንት ደርሻለሁ።»

«ስምንት ኃጢአት ከአርባ ኃጢአት ይሻላል ልትለኝ ነው?»

«በሠላሳ ሁለት ይሻላል አባ።»

ሳቅሁ ማለት አይደለም፤ ጠላው ግን ትንሽ ፈሰሰብኝ። እሱን ስጠርግ እልልታ ሰማሁ። ብቅ ስል አባ መስቀላቸውን ከፍ አድርገዋል፣ ወንድሜ ተንበርክኳል፣ ሙሴ እልል ትላለች። ከዚህች ሰዓት ጀምሮ አንዲት ሲጋራ ቢያጨስ የተገዘተ፣ የተለየ ይሁን ተብሏል። ስድስት ወር የፈጀውን ሥራ አንድ ማንቆርቆሪያ ጠላ በሚቀዳበት ጊዜ ጨረሱልን።

ተወ። እውነቴን ነው፤ በዚያችው ሰዓት ተወ። ሙሴ ለማኅበሩ ሁሉ ነገረች። ሰው እየመጣ «እንኳን ደስ ያለሽ» ይለኝ ጀመር። በአራተኛው ቀን ወንድሜ መናገር ቀነሰ። በስድስተኛው ቀን ማንኪያ ማንሣት አቃተው፤ ለሃጩ በአገጩ ይወርዳል፤ እንደ ቆመ ያንቀላፋል። ሙሴ አይታው «አየሽ፣ እንዴት እንደ ተረጋጋ!» አለች። እኔም ነርሱ ያለኝ ትዝ እስኪለኝ ሁለት ቀን አመነታሁ። ይህን ስጽፍ የማልኮራበት ነገር እሱ ነው። የሰውን ቃል ሳልቀንስ ማስተላለፍ እችላለሁ አላልሁም?

ወሰድሁት።

«ሲጋራውስ?» አለ ነርሱ።

«ትቷል።»

«መቼ? እንዴት?»

«በአንድ ቀን። በግዝት።»

ነርሱ ለጊዜው ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ። «እናቴ፣ እኔ ሳላውቅ?» አለ።

«እኔም ጓዳ ነበርሁ» አልሁት።

ሐኪሙ መጠኑን አወረደለት፤ ከጥቂት ቀን በኋላ ማንኪያውን ራሱ አነሣ። በዚያው ነገሩ ባለቀ ጥሩ ነበር። ከጉልበቱ ጋር አምሮቱ ተመለሰ እንጂ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ለብቻው ወደ ሐይቁ ወጥቶ፣ ፎቶ የሚነሡ ሰዎች የጣሉትን ቁራጭ ከመሬት አንሥቶ፣ ከዓሣ አጥማጅ እሳት ለምኖ አጨሰ። ሁለት ጊዜ ስቦ ጣለው። መጥቶ ከቤታችን በር ላይ ቆመ።

«እታለም፣ ከእንግዲህ ተለይቻለሁ» አለኝ። «ሰሐኔን ለይልኝ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከኔ ጋር መብላት ተወ። የተለየ ሰው ከሰው ጋር እንጀራ አይቆርስም አለ። ለብቻው ባቀርብለትም የኔ እጅ ነክቶታል ብሎ ተወው። ቆሎ ብቻ ይበላል፤ ቆሎ የሲጋራ ምትክ እንጂ ምግብ ስላልሆነ ግዝቱ አይመለከተውም ብሎ ራሱ ፈርዷል። ቀን ቀን ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ውጭ ከዋርካው ሥር ይቀመጣል። ኪኒኑንም ከጥቂት ቀን በኋላ ተወ፤ መድኃኒት የሚሠራው እግዚአብሔር ሲፈቅድ ነው፣ ለተለየ ሰው ደግሞ አይፈቅድም አለ። ነርሱ ሲሰማ ፊቱ ተለወጠ። ከዚህ ቀደም መድኃኒት ባቋረጠበት ዓመት ወንድሜ በእግሩ የቀናት መንገድ ሄዶ ይፋግ ሩዝ ማሳ ውስጥ ነው የተገኘው፤ ስሙን ረስቶ።

አባን ሁለት ጊዜ ለመንኋቸው። ሁለቱንም ጊዜ «ልፈታውና ያጭስ ልበል?» ብለው መለሱኝ። በሦስተኛው ነርሱን ይዤ መጣሁ። ሙሴን የጠራት የለም፤ ግን ተገኝታለች።

እንግዲህ በሩ ላይ ቆሜያለሁ።

«ምን ይሁን ነው የምትይው ልጄ?» አሉ አባ።

«ይፍቱትና ይብላ።»

«ቄስ ሲጋራ ፈቀዱ ይባላል እኮ!» አለች ሙሴ። «ነገ ወጣቱ ሁሉ ይፈቀድልን ብሎ እዚህ ደጅ ይሰለፋል።»

«እዚህ ሲጋራ አይሸጥም» አለ ወንድሜ ከውጭ። «ምን ብለው ይሰለፋሉ?»

ነርሱ ድምፁን ከፍ አደረገ። «አባታችን፣ ማጨሱ ጥሩ ነው አላልኩም። እኔም የምፈልገው እርስዎ የሚፈልጉትን ነው። ልዩነታችን በፍጥነቱ ብቻ ነው። ስምንት ደርሰው ነበር። ከስምንት ሰባት፣ ከሰባት ስድስት እያልን እናደርሳቸዋለን።»

አባ ጢማቸውን ያዙ። ሙሴ ፊቷ በራ።

«እንግዲያው አባ፣ እስከ ስምንት ያለውን ይፍቱለትና ከስምንት በላይ ያለውን ይገዝቱት!»

አባ፣ እግዚአብሔር ያሳያችሁ፣ አሰቡበት።

«ሰባት ሲደርስስ?» አሉ። «በየሳምንቱ እየመጣሁ ነው የምገዝተው?»

«እርስዎ ባይመችዎ እንኳ እኔ…» አለችና ሙሴ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ያዘች።

«አባ» አለ ወንድሜ፣ «ተሳስቼ ዘጠኝ ባጨስስ?»

«ይግባና ራሱ ይጠይቀኝ» አሉ አባ በመጨረሻ። «ሰው ከበር ውጭ ሆኖ አይፈታም።»

ዞርሁና «ግባ ይሉሃል» አልሁት።

«አልገባም። የተለየ ሰው አይገባም። እሳቸው አይደሉ ያሉት?»

«እኔው ነኝ የምፈቅድልህ፣ ግባ!» አሉ አባ ጮኽ ብለው።

«መጀመሪያ ይፍቱኝ፣ ከዚያ እገባለሁ። ሳልፈታ ብገባ ሌላ ኃጢአት ይሆንብኛል፤ አንዱን ገና አልጨረስሁትም።»

በሰፈራችን በወሰን የተገዘተ አለ፣ በውርስ የተገዘተ አለ፣ እኅቱን አላናግርም ብሎ የተገዘተ አለ። ሁሉም ይገባሉ፣ ያስቀድሳሉ፣ ጠበል ጠዲቅ ሲቀርብ ከፊት ይቀመጣሉ። የካህኑን ቃል እንደ ቃል ይዞ ከቅጽር ውጭ የተቀመጠ አንድ ምእመን ቢኖር፣ እብድ የምንለው ሰው ነው። አባም ይህን ሳያስቡት አልቀሩም፤ መስቀሉን ከአንዱ እጃቸው ወደ ሌላው አዛወሩ።

ያን ጊዜ ልናገር ያላሰብሁትን ተናገርሁ።

«አባ፣ ኪኒን ከተወ አምስተኛ ቀኑ ነው። ድምፆቹ ተመልሰዋል።»

«ምን ይሉታል?»

«ግዝቱን ይደግሙለታል። በእርስዎ ድምፅ ነው የሚሉት።»

ሙሴ ራሷን መነቅነቋን አቆመች። አባ ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው ደረጃውን ወረዱ፤ በአጠገቤ አልፈው በሩን ወጡ። እንዲያልፉ ብዬ ሁለተኛውን እግሬን ወደ ውስጥ አስገባሁ።

ወንድሜ ተንበረከከ። አባ መስቀሉን ከራሱ ላይ አደረጉ።

«በኔ አንደበት የታሰርኸውን እኔው ፈትቼሃለሁ፤ እግዚአብሔር ይፍታህ።»

«ሙሉ በሙሉ?»

«ሙሉ በሙሉ።»

«ከሐይቁ ዳር ያነሣኋትን ቁራጭ ጭምር?»

«ጭምር።»

«ዛሬ የማጨሳትንስ?»

አባ ነርሱን አዩት። ነርሱ የብስክሌቱን ደወል አየ።

«እሷን ከነርሱ ጋር ተነጋገሩባት» አሉ አባ።

ነርሱ ኪኒኑን ከኪሱ አወጣ። ውሃ የያዘ ሰው የለም። ሁላችንም ስንተያይ ሙሴ ቦርሳዋን ከፍታ በፕላስቲክ ጠርሙስ የያዘችውን ጸበል አወጣች፤ ጥቂት አመነታችና «ያው ውሃ ነው» ብላ ሰጠችው። ኪኒኑን በጸበል ዋጠ። አባ ወደ ዋርካው ቅርንጫፍ ያዩ ነበር። ነርሱ «ጎበዝ» አለ፤ ለማን እንዳለ አልታወቀም። ሙሴ የያዘችውን ዳቦም ቆርሳ ሰጠችው። ዳቦውን ተቀብሎ ከእጇ ላይ እያየ በላ።

ተገላገልን ስል አባ ወደኔ ዞሩ።

«አንቺ ግን ልጄ፣ ምንም ለበጎ ቢሆን፣ ሲጋራ በእጅሽ እየገዛሽ ማቀበልሽ ዝም አይባልም። በየቀኑ አርባ አርባ ስግደት፣ እስከ አርባ ቀን።»

«ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አርባ ነው አባ፣ ወይስ እየለመድሁ ልጨምር?»

ነርሱ ሳል ሳል አደረገው። አባ ትክ ብለው አዩኝ።

«ጉልበትሽ እንደ ቻለ» አሉ።

«የማኅበሩም ተራሽ ለጊዜው ይለፍሽ» አለች ሙሴ ቀስ ብላ። «ክፉ አስቤ አይደለም እቴ። ሰው እስኪረሳው ነው።»

«ስንት ጊዜ ይፈጃል?»

«የሰፈሩን ሰው ታውቂው የለ።»

ወንድሜ ጉልበቱን አራግፎ ተነሣ። ጫማውን አውልቆ በበሩ ገባና የቤተ ክርስቲያኑን ግድግዳ ሊሳለም ሄደ። አባና ነርሱ ስምንቱ ከዛሬ ይቆጠር ወይስ ከነገ በሚለው ላይ ሲከራከሩ፣ ሙሴ ሦስተኛ ሐሳብ አለኝ አለች።

ነጠላዬን አስተካክዬ ወደ ሱቁ ሄድሁ።